በክረምት ሌሊት አምባውን ስለ ወጣችው እናትና ስለ ባዶው አንቀልባ

የብርሃን እናት ቅድስት ድንግል ማርያም በደብረ ርኅራኄ አምባ ላይ ለአንዲት ወዳጇ ያደረገችው ነገር ይህ ነው። ስትሰሙት ክው እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም በሰማሁ ጊዜ ክው ብዬ ሦስት ጊዜ አማትቤያለሁ። አማላጅነቷ የማነበውን እኔን፥ የምትሰሙትን እናንተን፥ ቦታ አጥታችሁ ከደጀ ሰላሙ በዝናብ የምትደበደቡትንም አይለየን፤ አሜን። እንግዲህ የምታንጎላጁ ንቁ፤ የምታንሾካሹኩም ዝም በሉ፤ ወሬው ኋላ ይደርሳል።

በደብረ ርኅራኄ ግርጌ ቀጨሞ በምትባል መንደር ዘርትሁን የምትባል ባለትዳር ነበረች። ይህችም ሴት እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምሮ አጥብቃ ትወድ ነበርና በየዕለቱ ጎሕ ሲቀድ እህል ውኃ ሳትቀምስ ከደጇ ወጥታ ፊቷን ወደ አምባው መልሳ እየሰገደች «ሰላም ለኪ» ትል ነበር፤ ዘመድ ቢሞት፥ ጎርፍ ቢመጣ፥ ራሷን ቢያማት ይህን ስእለቷን አታስታጉልም። የመንደሩም ሰዎች፥ «ዘርትሁን ለእመቤታችን የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፥ እንዴት አደርሽ ሳትላት አትውልም» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እርሷም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ነገር ግን ልቧ ሐዘንተኛ ነበር። ከባልዋ ከአድማሱ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት፤ ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት አይፈታለትም፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥም አይቀበርምና ሁለቱንም ከእርሻቸው ዳር ከአጥሩ ሥር ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ዘርትሁን ያን አጥር ባየች ቁጥር፥ «የሰው ልጅ ሁሉ ከዘመዱ አጠገብ ያርፋል፤ የኔዎቹ ግን እንደ ባዕድ ከውጭ ቀሩ» ትልና ታለቅስ ነበር።

ከዚያም ሦስተኛ ልጅ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣ ዘንድ፥ እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ ሥርዓት ነውና፥ ዘርትሁን ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ትጠብቅ ነበር። ክርስትና እናት ትሆንላት ዘንድም ጎረቤቷን እትዬ ማንጠግቦሽን ለመነቻት። እትዬ ማንጠግቦሽ ጾም ጠባቂ፥ ሥርዓት ዐዋቂ ሴት ነበረች፤ ቄሱ ቢረሱ እርሷ አትረሳም፥ ቄሱ ዝም ቢሉም እርሷ ዝም አትልም። ልመናውን በደስታ ተቀበለች፥ ደግሳ ልታነሣትም ተሰናዳች።

ሰማንያው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በጾመ ፍልሰታ፥ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ ሲወርድ ሕፃኒቱን ትክትክ ያዛት። ሳሉ ሲነሣባት ፊቷ ይጠቁራል፥ ትንፋሿ ይቆማል፥ እናቲቱም ከእርሷ ጋር መተንፈሷን ትተዋለች። በኋላም ጡት አልይዝም አለች። የመንደሩ ቄስ በዚያ ሰሞን ሙት ሊፈቱ ከወንዝ ማዶ ሄደው ነበርና አድማሱ ሊጠራቸው ተሻገረ፤ እርሱ እንደ ተሻገረም ወንዙ ዛፍ እየነቀለ ሞላና ቄሱም ባልየውም ከማዶ ቀሩ።

በመሸም ጊዜ ዘርትሁን ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሮጣ፥ «እትዬ፥ ልጄ ልትሞትብኝ ነው! እባክዎ ይነሡልኝና ከአምባው መነኮሳት ዘንድ ወስደን እናስጠምቃት። እርስዎ ይዘዋት ይገባሉ፤ እኔ ከደጅ እቀራለሁ» አለቻት።

እትዬ ማንጠግቦሽም አማተበችና፥ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ? አንቺስ ገና ሳትነጺ የተቀደሰውን አምባ ልትረግጪ ነው? ደግሞ በዚህ ዝናብ፥ በዚህ ጨለማ! ክረምት አምባው የራሱ ነው» አለች። ይህም የአገሩ ሁሉ አባባል ነበር፤ ከዓመታት በፊት በነሐሴ ሌሊት ሊሳለሙ የወጡትን ሰዎች ናዳ ወስዷቸው ነበርና ከሐምሌ እስከ መስቀል ድረስ መነኮሳቱ በራቸውን ይቀረቅራሉ፥ ከታችም ማንም አይወጣም።

ዘርትሁንም፥ «እትዬ፥ እስከ ነገ አታድርልኝም» አለች።

እትዬ ማንጠግቦሽም፥ «እግዜር ያውቃል» ብላ በሯን ዘጋች። ምእመናን ሆይ፥ «እግዜር ያውቃል» እያልን ስንት በር ዘግተናል! እርሱስ በእርግጥ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን።

ዘርትሁንም ከተዘጋው በር ፊት በዝናብ ቆማ ጥቂት አለቀሰች፥ ከዚያም ወደ አምባው ቀና ብላ፥ «እንግዲህ ሰው የለኝም፤ ያለሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። ወደ ቤቷም ገብታ ሕፃኒቱን በጋቢ ጠቅልላ በአንቀልባ አዘለቻት፥ ከላይ ለዝናቡ ገሳ ደረበች፥ የባልዋንም ከዘራ ይዛ ወጣች። መብራት አልያዘችም፤ በዚያ ነፋስ የሚቆይ መብራት አልነበረምና። መብረቅ ሲበርቅ መንገዱን ታያለች፥ ሲጠፋም በከዘራዋ እየዳሰሰች ትሄዳለች። በበጋ ተሳላሚ እየዘመረ የሚወጣው መንገድ ያን ሌሊት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ጅረት ሆኖ ነበር። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ይመታታል፥ ድጡ እግሯን ይስባታል፥ ጥቂት ወጥታ ትንሸራተታለች፥ ደግማም ትወጣለች፤ እንዲህም ሆና፥ «አይዞሽ የኔ እናት፥ አይዞሽ፥ ደርሰናል» እያለች ከጀርባዋ ያለችውን ታባብል ነበር። ደርሰናል ትበል እንጂ ገና ከግርጌው አልራቀችም።

ሕፃኒቱም በመጀመሪያ ታስል ነበር። ሳሉ ሲሰማት ዘርትሁን ትደነግጣለች፤ ሳሉ ሲያቆም ደግሞ የባሰውን ትደነግጣለች።

ከመንገዱ አጋማሽ አልፋ ገደሉ በግራ በኩል አፉን ከከፈተበት ጠባብ ቦታ በደረሰች ጊዜ የረገጠችው ድንጋይ ከዳትና በፊቷ ተደፋች፥ ወደ ገደሉም ተንሸራተተች፤ የወይራ ሥር ባታገኝ ኖሮ እዚያው ቀርታ ነበር። «እመ ብርሃን!» ብላ ጮኸች፥ ሥሩንም በሁለት እጇ ጨብጣ እንደ ምንም ተጎትታ ወጣች። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል፥ ከዘራዋም ገደል ገብቷል፤ እርሷ ግን አስቀድማ ያሰበችው ልጇን ነበርና እጇን ወደ ኋላ ልካ ጀርባዋን ዳሰሰች። ሸክሙ እንደ ከበደ ነው። ዳሰሰች እንጂ አልከፈተችም። ብትከፍተው ዝናቡ ይገባባታል፤ ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ ሞታ እንዳታገኛት ፈራች። ካልከፈተችው ልጅቱ በሕይወት አለች፤ ከከፈተችው ግን ማን ያውቃል? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ይህች እናትማ ዘወር ብሎ ለማየት እንኳ ድፍረት አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ሳል አልሰማችም። «ተኝታ ነው፥ ደክሟት ተኝታ ነው» እያለች፥ እያለቀሰችም፥ የእመቤታችንን ስም በእያንዳንዱ እርምጃ እየጠራች በእጇም በጉልበቷም ወጣች።

ጎሕ ሲቀድም ከገዳሙ በር ደርሳ በድንጋይ ደበደበች። በር ጠባቂው አባ ገብረ ኄር ደንግጠው፥ «በስመ ሥላሴ! ሰው ነሽ ወይስ መንፈስ?» እያሉ መቀርቀሪያውን አንሥተው ከፈቱላት፥ ወደ ጎጇቸውም አስገቧት። እርሷም፥ «አባቴ፥ ልጄን አጥምቁልኝ፤ ቀኗ አልሞላም፥ ግን እየሞተች ነው» አለችና ገሳውን ጥላ አንቀልባውን ከጀርባዋ አወረደች፥ ጋቢውንም ገለጠች።

ልጅ የለችም።

ጋቢው ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል፥ የአንቀልባው አንደኛው ጠፍር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፥ ልጅ ግን የለችም። ዘርትሁን ጋቢውን አራገፈችው፥ ገለበጠችው፥ ደግማም አራገፈችው፤ ገሳውንም አንሥታ ከሥሩ አየች፤ ከገሳ ሥር ምን ልታገኝ ነው? ከዚያም ክው ብላ ቀረች። አባ ገብረ ኄርም ባዶውን አንቀልባና የሴቲቱን ፊት እያፈራረቁ ሲያዩ ከመደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

በኋላ ግን ያ የተንሸራተተችበት ቦታ ትዝ አላት። ከዚያ ወዲያ ልጇን ሳይሆን የራሰ ጋቢ ተሸክማ፥ ጋቢን «አይዞሽ የኔ እናት» እያለች ስታባብል እንዳደረች ገባት። ያን ጊዜ ያሰማችው ጩኸት የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር። «ገደል ጣልኳት! ልጄን በእጄ ገደል ጣልኳት! ወይኔ ልጄን! ወይኔ ያልተጠመቀች ልጄን!» እያለች ፊቷን ነጨች፥ ወደ በሩም ሮጠች። ልትፈልጋት ይሁን ወይስ ልትከተላት እርሷም አታውቀውም። አባ ገብረ ኄር ከኋላ ተወርውረው ነጠላዋን ያዙ፤ ነጠላዋን ትታላቸው ሄደች፤ እጇን ያዙ፤ እየጎተተቻቸውም እስከ ደጃፉ ወሰደቻቸው። «ኧረ እናንት አባቶች፥ ድረሱልኝ! ይህች ሴት ልትሞትብኝ ነው!» እያሉ ቢጮኹ መነኮሳቱ ከቤተ ክርስቲያን ግልብጥ ብለው ወጡ።

ከእነርሱም ጋር አጥማቂው ካህን አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡና፥ «ልጄ፥ ምን አግኝቶሽ ነው?» አሏት። ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ከቤተ ልሔሙ በኩል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

ዘርትሁን ወደ ድምፁ ዘወር አለች። ሕፃን ሁሉ ያለቅሳል፥ ልቅሶውም ለሌላ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ የእርሷ ጡት ግን ያን ድምፅ እንደ ሰማ ግት አለና ወተቷ በራሰው ልብሷ ላይ ፈሰሰ። ጆሮዋን ብትጠራጠር እንኳ ይህን ልትጠራጠር አልቻለችም። «አባቴ፥ ያቺ የኔ ናት» አለች በቀጭን ድምፅ።

አንድ መነኩሴም ሮጠው ሕፃኒቱን አመጧት፤ በደረቅ ልብስ ተጠቅልላለች፥ ራሷ የሜሮን ቅባት ይሸታል፥ አንገቷ ላይም አዲስ ማተብ ታስሯል። ዘርትሁን እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ ፈርታ ነበርና። መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ጉንጯን ነካች፤ ይሞቃል። ያን ጊዜ ነጥቃ አቀፈቻት፤ ልጅቱም ጡቷን ያዘች፥ ሳታስልም፥ ትንፋሿ ሳይቆም ጠባች።

አባ ወልደ ሩፋኤልም እየተደነቁ፥ «እንግዲያ እናቷ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ አንቺን ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ክርስትና እናቷ ቀድማሽ ደርሳ አስጠምቃታለች» አሏት።

ዘርትሁንም፥ «የትኛዋ ክርስትና እናት? እኔ ብቻዬን ነው የወጣሁት» አለች።

እርሳቸውም እንዲህ አሉ፥ «ሌሊት ሰዓታት ቆመን ሳለ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ በሴቶች በር በኩል ቆማ አየኋት። በስሜ ጠርታ 'ይህች ሕፃን ልትሞት ነውና አጥምቃት፤ ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ' አለችኝ። ለምትሞት ነፍስ ቀን አይቆጠርባትም ብለው አባቶች ደንግገዋልና ወዲያው ጸሎቱን ጀመርኩ። ስለ ሕፃኒቱ ሆና ሰይጣንን ካደች፥ ሃይማኖቷን መሰከረች። 'ስሟን ማን ልበላት?' ብላት 'ወለተ ማርያም በላት፤ የእኔ ናት' አለች፤ እኔም ክርስትና ልጄ ናት ማለቷ መሰለኝ። ከውኃውም ባወጣኋት ጊዜ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችኝ፥ ነጠላዋም…» አሉና ድንገት ዝም አሉ። ፊታቸውም ተለወጠ።

«ምነው አባ?» አሏቸው ወንድሞቻቸው።

«ነጠላዋ ደረቅ ነበር» አሉ። «ያ ሁሉ ዶፍ ሲወርድ ነጠላዋ ደረቅ ነበር፥ እግሯንም ጭቃ አልነካውም። እኔ ደንቆሮው አይቼ አላስተዋልኩም!»

አባ ገብረ ኄርም ወደ በሩ እያመለከቱ፥ «በሩን ማታ በገዛ እጄ ነው የቀረቀርኩት፤ አሁን ለዚህች ሴት እስክከፍት ድረስ ለማንም አልከፈትኩም» አሉ።

መነኮሳቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ፥ ሕፃኒቱንም አዩ፤ ፀጉራቸው ቆመ፥ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ጫኑ። በመጨረሻም ዘርትሁን፥ «አባቴ፥ ሌላስ ምን አለችዎ?» ብላ ጠየቀች።

አባ ወልደ ሩፋኤልም እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፥ «ማተቡን ካሰርኩላት በኋላ ሕፃኒቱን መልሳ ሰጠችኝና 'እናቷ በንጋት ትመጣለች፤ ለምን ቀን ሳይሞላሽ መጣሽ ብላችሁ እንዳትቆጧት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራኝ አድራለች' አለችኝ። ቀና ስል ግን አላየኋትም፤ ልታርፍ ወደ እንግዳ ቤት የሄደች መሰለኝና ሕፃኒቱን ከቤተ ልሔሙ እሳት አጠገብ አስተኛኋት» አሉ።

ይህንም በሰሙ ጊዜ መነኮሳቱ ሁሉ ከጭቃው ላይ ተደፍተው ሰገዱ። ዘርትሁንም ልጇን እንዳቀፈች ተንበርክካ፥ «እኔ ስጥላት አንቺ ተቀበልሻት? እኔ ስጥላት?» እያለች ትደጋግም ነበር።

ከቀትር በኋላ የቅዳሴው ሰዓት ሲቃረብ ዘርትሁን ገና አልነጻችምና ከቅጽሩ በር ውጭ ከመጠለያው ሥር ተቀምጣ፥ ሕፃኒቱም ከጋቢዋ ውስጥ ተኝታ ሳለች አንዲት ሴት እስከ ወገቧ ጭቃ ለብሳ እያነከሰች መጣች። እትዬ ማንጠግቦሽ ነበረች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፥ ሲነጋም የዘርትሁንን ቤት ባዶ አግኝታ፥ ያን የራሱ ነው ያለችውን አምባ በዝናብ ወጣችው። ዘርትሁንን ባዶ እጇን ተቀምጣ ባየቻት ጊዜ ቁርጡ የታወቀ መሰላትና፥ «ዋይ! ዋይ! እኔ ነኝ የገደልኳት! በር የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ከዚያም እጇን ወደ ብብቷ ልካ ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ ሻሽ አወጣች፤ ከዚያ ሁሉ ዝናብ ሸሽጋ ያደረሰችው እርሱን ብቻ ነበር። «ለዚህች እንኳ… በደንብ እንድንገንዛት ብዬ ነው» አለች።

ዘርትሁንም ጋቢዋን ገለጥ አደረገች። ሕፃኒቱ ነቅታ ነበርና እትዬ ማንጠግቦሽን ትኩር ብላ አየቻት። ምእመናን፥ ያቺ ለሁሉ ነገር ቃል የማይጠፋት ሴት ያን ጊዜ ቃል ጠፋት! ሻሹን እንደያዘች ወደ ኋላዋ ዘፍ አለች።

የሆነውንም ሁሉ ከነገሯት በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤል ወጥተው፥ «ሕፃኒቱ ልትቆርብ ይገባታል፤ እናቷ ገና መግባት አትችልም፥ ክርስትና እናቷም ሄዳለች። አንቺ ይዘሻት ግቢ» አሏት።

እርሷም እጆቿን ወደ ኋላዋ ሸሽጋ፥ «እኔ? እርሷ ያቀፈቻትን እኔ? አባቴ፥ በየትኛው እጄ? በሩን በዘጋሁበት?» አለች።

ዘርትሁንም ተነሥታ ያን ለመገነዣ የመጣውን ነጭ ሻሽ ከእትዬ ማንጠግቦሽ እጅ ወሰደች፥ ልጇንም በእርሱ ጠቅልላ አስታቀፈቻትና፥ «ይያዙልኝ እትዬ፤ ዳገቱን ወጥተው መጥተዋል እኮ» አለቻት። እትዬ ማንጠግቦሽም እያንዳንዱን እርምጃ እየፈራች ገባች። ዝናቡም አላባራም ነበር። ዘርትሁን ከደጅ ቆማ፥ ካህኑ ከውስጥ «ወለተ ማርያም» ብለው ሲጠሩ ሰማች፤ ልጇ እንደ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ በስሟ ስትጠራ ሰምታ ግንባሯን ከጭቃው ላይ አድርጋ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ አልተነሣችም።

ወንዙም በጎደለ ጊዜ አድማሱ ተሻግሮ መጥቶ ልጁን በደኅና አገኛት፥ ከቤተ ሰቡም ጋር ለእግዚአብሔርና ለእናቱ ምስጋና አቀረበ። የደብረ ርኅራኄ መነኮሳትም ከዚያ ሌሊት ወዲህ በክረምት በራቸውን መቀርቀር ትተዋል።

በዶፍ መንገድ ላይ ያሉትን የምትደግፍ፥ ከእናት ጀርባ የሚወድቀውን በእጇ የምትቀበል እመቤት የእናንተንም ልጆች ከትክትክ፥ ከናዳና ከክፉ ቀን ትሰውርላችሁ፤ የደከማችሁትን ታሳርፋችሁ፥ ስትጠሯት አቤት ትበላችሁ፤ ስማችሁም በልጇ መንግሥት አንድ በአንድ ይጠራ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።